ቆሞ የተገኘው መምቻ

ኢንስፔክተር ኢንዱማቲ ቶማር ከጂፑ ወርዳ ገና አንድ እግሯ መሬት ከመንካቱ፣ ፖሊሱ ብሪጅፓል ደረቱን ነፍቶ ከፊቷ ተገተረ።

«ማዳም፣ ገዳዩን ይዘነዋል!»

የግንቦት ፀሐይ በሕንዷ ሜሩት ከተማ ላይ አናት የሚበሳ ሆኖ ወጥቷል፤ ብሪጅፓል ግን ከሙቀቱ ይልቅ ከደስታው ብዛት ያላበው ይመስላል። ሃያ ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል አንድም ገዳይ ይዞ አያውቅም። እስከ ዛሬ የያዛቸው ሁሉ አጠገቡ የተገኙ ሰዎች ናቸው።

«ጎበዝ!» አለችው ኢንዱማቲ። «ለመሆኑ ሟቹ ማነው?»

«ኡስታድ ቢሻምበር ናት ናቸው። የክሪኬት መምቻ ሠሪው።»

ኢንዱማቲ ክሪኬት አትወድም። ባሏ ቴሌቪዥን ፊት ተጎልቶ አንድ ግጥሚያ አምስት ቀን ሙሉ ሲመለከት፣ አምስቱንም ቀን በንቀት ስታየው ኖራለች። የእጅ ሥራ ግን ታከብራለች። አባቷ መቀስ ሠሪ ነበሩ፤ የደንበኛቸውን አውራ ጣት ሳይለኩ መቀስ ቀጥቅጠው አያውቁም። «ኡስታድ»፣ ማለትም የሙያ መምህር፣ የሚባሉትን የቢሻምበር ናትንም ስም የሰማችው ከባሏ ሳይሆን ከአባቷ አፍ ነው።

ሟቹ መምቻ በሚያስመርጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ነጭ አንሶላ ለብሰው ተኝተዋል። ግራ ጆሮ ግንዳቸው ላይ አንድ ምት አርፏል። አንድ ብቻ። ግድግዳው ላይ ያላለቁ መምቻዎች ጥንድ ጥንድ በተመቱ ችንካሮች ላይ ጋደም ጋደም ብለው ተደርድረዋል። ጠረጴዛው ላይ እርሳስ፣ የተልባ ዘይት ብልቃጥና አንድ ትልቅ መዝገብ አለ። በሩ ሥር ደግሞ ውሃ የሞላበት የብረት ባልዲ ተቀምጧል።

በካቴና የታሰረው ናውሻድ የተባለ የአርባ ዓመት ሰው ነው። ሸሚዙ በደም ጨቅይቷል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኡስታዱ ጋር የሠራ ጠራቢ ነው። ኢንዱማቲ አጠገቡ ስትደርስ ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ማዳም፣ ወደምትፈልጉበት ውሰዱኝ። ግን አፈር ስሆን፣ አንድ ሰው ያንን መምቻ ያስተኛው!»

ሁሉም ዞረው አዩ። ክፍሉ ጥግ አንድ መምቻ ከግድግዳው ተደግፎ በጫፉ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች በዘይት ርሶ ያብለጨልጫል።

ብሪጅፓል ከት ብሎ ሳቀ። «ጉድ እኮ ነው! ሰው ገድሎ ለእንጨት ያለቅሳል!»

«አንተ ዝም በል» አለችው ኢንዱማቲ። ከዚያ ወደ ናውሻድ ዞረች። «ለምንድነው የሚተኛው?»

«ዘይት ጠጥቷላ! ዘይት የጠጣ መምቻ ከቆመ፣ ዘይቱ ሁሉ ወደ ጫፉ ይወርዳል፤ እንጨቱ ያብጥና ይሰነጠቃል። ደግሞ እዩት፣ እጀታው የሚጋጠምበትን ሳይቀር ቀብተውታል! መጋጠሚያው ዘይት ከነካው ሙጫው ይለቃል። ይህን ኡስታድ ቢያዩ ኖሮ እኮ...» አለና አንሶላውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኢንዱማቲ ጎንበስ ብላ መምቻውን በባትሪ አየችው። የአኻያ እንጨት ነጭ ነው፤ የዚህኛው ጠርዝ ላይ ግን ከዘይቱ ሥር ቡና ዓይነት ነገር በጭረቶቹ መካከል ገብቷል። ደም ነው። ገዳዩ ደሙን በጨርቅ ጠርጎ፣ የቀረውን እድፍ ለመደበቅ ዘይት ደፍቶበታል። ጓንት አድርጋ አነሳችውና ራሷ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ናውሻድ ከነካቴናው በረዥሙ ተነፈሰ።

«በል አሁን ንገረኝ» አለችው።

ነገሩ አጭር ነበር። ዓርብ ስለሆነ ሠራተኞቹ ሁሉ በሰባት ሰዓት ወደ መስጊድ ሄደዋል። ኡስታዱ ሂንዱ ስለሆኑ የዓርብን ቀትር ብቻቸውን ያሳልፋሉ፤ ለደንበኛ ቀጠሮ የሚሰጡትም ጸጥታው ስለሚመቻቸው በዚያ ሰዓት አካባቢ ነው። ናውሻድ ከስግደት በኋላ ከሌሎቹ ቀድሞ ተመለሰና በስምንት ሰዓት ከአምስት ወድቀው አገኛቸው። አቅፎ ሲያነሳቸው ደሙ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። መጮህ ሲጀምር የሟቹ ልጅ ላሊት ከፎቅ ወርዶ «ገዳይ!» አለው።

«ትናንት ከኡስታድህ ጋር ተጨቃጭቀሃል አሉ።»

«ተጨቃጭቄያለሁ። አልክድም። ቻውድሪ ራቲ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ የሚመዝን መምቻ ካልተሠራልኝ ብሎ ነበር፤ የግንበኛ መዶሻ በሉት። ኡስታድ ‹እጁን ሳላይ አልሠራም› አሉ። እኔ ደግሞ ‹ትልቅ ሰው ነው፣ የፈለገውን ይስጡትና ይገላገሉ፣ ምን አገባን?› ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ‹እኔ እጅን አልዋሽም› አሉኝ። በቃ፣ ጭቅጭቁ ይኸው ነው።»

ኢንዱማቲ ወደ ባልዲው እያየች «ይሄ ውሃ ምን ያደርጋል?» አለች።

«ዘይት የነካ ጨርቅ ሁሉ እሱ ውስጥ ይገባል። የቤቱ ሕግ ነው። ስድስት ጨርቅ አለን።»

እጅጌዋን ሰብስባ ቆጠረች። አምስት ናቸው።

መዝገቡንም ገለጠችው። ኡስታዱ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ ሰጥተዋል። ሁለት እጁን ወረቀቱ ላይ ዘርግተው በእርሳስ ዙሪያውን ይስሉታል፤ መጅ ያወጣበትን ቦታ በትናንሽ መስቀል ምልክት ያደርጉና ከሥሩ በኡርዱ ፊደል ጥቂት ቃላት ይጽፋሉ። በመምቻ ሥራ ከታወቀችው ከሲያልኮት ከተማ የመጡ ሠሪዎች ያስተማሯቸው ፊደል ነው። ከእሳቸውና ከሙስሊም ሠራተኞቻቸው በቀር እዚያ ቤት የሚያነበው የለም፤ ልጃቸው ላሊት እንኳ አይችልም። የመጨረሻው ገጽ ሱናይና የምትባል ልጅ እጅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ገጽ ተቀዷል።

በሩ ላይ በተሰቀለው ጥቁር ሰሌዳ ሁለት ቀጠሮ በጠመኔ ተጽፏል። ሱናይና፣ ስድስት ከሩብ። ቻውድሪ ራቲ፣ ሰባት ከሩብ።

ስልኳ ጮኸ። አዛዡ ነው። አዛዡ በሥራ ዘመኑ ወንጀል ከመረመረበት ይልቅ ካሜራ ፊት የቆመበት ሰዓት ይበልጣል።

«ኢንዱማቲ፣ ሰውየው ተይዟል አይደል? ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለጋዜጠኞች አቀርበዋለሁ። ቻውድሪ ራቲም ጉዳዩ ቶሎ ይለቅ ብለውኛል። እሑድ የከተማው ክሪኬት ማኅበር ምርጫ ስላለ እንዲህ ያለ ወሬ ለስፖርቱ ጥሩ አይደለም።»

«ሟቹ ይህን ቢያውቁ ቀን ያሸጋግሩት ነበር፣ ጌታዬ።»

«ምን አልሽ?»

«እሺ ነው ያልኩት።»

ስድስት ሰዓት። ናውሻድ ካሜራ ፊት ከቆመ በኋላ ምንም ማስረጃ ቢገኝ ከእስር ቤት እንደማይወጣ ታውቃለች። አዛዡ «ተሳስቻለሁ» ከሚል፣ ሰው ቢሰቅል ይመርጣል።

*

ሱናይና ስትጠራ ሮጣ መጣች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ግራኝ መቺ፣ የጉልበቷ ቆዳ የተላጠ። ሞቱን በር ላይ ሰምታ ኖሮ ስትገባ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ተቀመጪ ልጄ። መምቻ እንዴት እንዳስመረጡሽ ንገሪኝ። ምንም እንደማላውቅ አድርገሽ። ደግሞም አላውቅም።»

ልጅቷ አፍንጫዋን ጠራረገች። «መጀመሪያ እጄን ሳሉት። ከዚያ አምስት መምቻ አመጡ፤ የድርጅት ምልክቱን ሁሉ በወረቀት ሸፍነውታል። ‹ዓይንሽን ጨፍኚ› አሉኝ። በላይኛው እጄ ብቻ እያነሳሁ ወደፊት ዘርግቼ እስከ አሥር ቆጠርኩ። እኔ ከባዱን ነበር የፈለግኩት፤ ቴሌቪዥን ላይ ወንዶቹ የሚይዙትን። ስድስት ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ።»

«እና?»

«‹ከባዱን የሚፈልገው ዓይንሽ ነው፤ እጅሽን ጠይቂው› አሉኝ። አራተኛው ላይ ስደርስ መቁጠሩን ራሱ ረሳሁት። እሳቸውም ‹መያዝሽ ትዝ ካላለሽ ያንቺ እሱ ነው› አሉ። ከዚያ እጀታውን ወገቤ አጥንት ድረስ ለክተው ምልክት አደረጉ። ረቡዕ የምልመላ ፈተና አለኝ፣ ማዳም። በራሴ ልክ የተሠራ መምቻ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር። ለሰባት አምስት ጉዳይ ላይ ስወጣ ምሳቸውን ይጠቀልሉ ነበር።»

«ቻውድሪ ራቲን አየሻቸው?»

«አላየሁም። ግን ‹ቀጥሎ የሚመጣው ሰውዬ ፎቶ ነው የሚፈልገው እንጂ መምቻ አይደለም› ብለው ስቀዋል። በመጥፎ አይደለም የሳቁት። ሁልጊዜ ነው የሚስቁት።»

ኢንዱማቲ ከችንካሩ አንድ መምቻ አወረደች። «ይህን ዘይት እንዴት ይቀባሉ? አሳዪኝ።»

ልጅቷ መዳፏ ላይ ጥቂት አፍስሳ ፊቱንና ጠርዙን ብቻ አሸችው፤ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ። ኢንዱማቲ «እስቲ አኑሪልኝ» አለቻት። ሱናይና በቄንጥ ወደ ችንካሩ መልሳ አጋደመችው። ጨርቁን ደግሞ ባልዲው ውስጥ ጣለችው።

ቀጥሎ የሟቹ ልጅ ላሊት ተጠራ። ላሊት በፋብሪካ የተጨፈለቀ መምቻ በድረ ገጽ የሚሸጥ፣ አባቱን «የድሮ ሰው» እያለ በአባቱ ቤት የሚኖር የሠላሳ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከኀዘኑ ይልቅ ስልኩ ያሳስበው ነበር።

«እኔ ፎቅ ላይ ተኝቻለሁ። ኤሲው ስለሚጮህ ምንም አልሰማሁም። ናውሻድ ነው ስላችሁ!»

«አባትህ ሲሞቱ ግቢው ላንተ ይቀራል አይደል?»

«እና? ልጁ አይደለሁ እንዴ?»

«እሱንስ አባትህም የሚያምኑት በግድ ነው አሉ። እስቲ ይቺን ያዝልኝ፣ እጄ ዘይት ነው» ብላ ያንኑ መምቻ ሰጠችው። ላሊት ስልኩን እያየ፣ ቀና ሳይል፣ መምቻውን ከኋላው ባሉት ችንካሮች ላይ በጀርባው አስተኛው። ያደረገውንም ያወቀው አይመስልም።

ኢንዱማቲ ልትጠላው የምትፈልገውን ያህል ልትጠረጥረው አልቻለችም፤ እሱም አናደዳት።

*

ቻውድሪ ተጅቪር ራቲ በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ራሱ መጣ። ማንም አልጠራውም፤ «የኀዘን መግለጫ» ብሎ የሚጠራው ነገር አለው፤ የአበባ ጉንጉንና ፎቶ አንሺ ማለት ነው። የሕንፃ ተቋራጭ ነው፤ የሠራቸው ሕንፃዎች በክረምት ያፈስሳሉ፤ እሱ ግን በየአደባባዩ በተሰቀለው ሥዕሉ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይስቃል። ከሥዕሉ ሥር «ለክፍለ ግዛታችን አሥራ አንድ ዓመት የመታ ክንድ፣ አሁን ለማኅበራችን!» ተብሎ ተጽፏል።

የገረማት ከባለ ሦስት እግር ታክሲ መውረዱ ነው።

«እህት ዓለም፣ እንደምን አደርሽ!»

«ኢንስፔክተር ይበሉኝ፣ ቻውድሪ ሳሃብ። መኪናዎ ምን ሆነ?»

«አይ፣ አታንሺብኝ! ያ ሱሰኛ ሹፌሬ አቃጠለብኝ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምርጫ ኮሚቴውን ምሳ ጋብዤ ስወጣ የኋላ ወንበሩ ይጨሳል። የቆዳ ወንበር እኮ ነው! ሲጋራውን ጥሎበት ነው። በጥፊ ብዬ አባረርኩት። የዘንድሮ ሠራተኛ ጥጋቡ ለጉድ ነው።»

«ትናንት እዚህ ቀጠሮ ነበረዎት።»

«ሰርዤዋለሁ። ሥራ በዛብኝ፤ ግንባታው ቦታ ነበርኩ። ምስኪን ሽማግሌ! ነገ በሚደረገው የወዳጅነት ግጥሚያ በእሳቸው መምቻ ልመታ ነበር። ዱሮ በሦስተኛ ኳስ ከሜዳ የማስወጣት እኔ...»

ፎቶ አንሺው እስኪዘጋጅ ድረስ ስለ ገዛ ክንዱ አወራ። ኢንዱማቲ ከልጅነቷ ጀምሮ በየሠርጉና በየለቅሶው ይህን ወሬ ስትሰማ ያደገች ሴት ናት፤ በዚህ አገር ሆዱ የተነፋ ወንድ ሁሉ በወጣትነቱ ለብሔራዊ ቡድን ሊመረጥ ትንሽ ነበር የቀረው። እያዳመጠች አንዱን መምቻ ዘይት ቀባች።

«እስቲ ይያዙልኝ፣ ቻውድሪ ሳሃብ። የሚቀመጥበት ቦታ ያኑሩት።»

ራቲ በሁለት ጣቱ ተቀበላት። ዙሪያውን አየ። ከዚያ መምቻውን ጥግ ወስዶ በጫፉ አቆመውና ከግድግዳው አስደገፈው። ጣቶቹን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡንም እጥፍጥፍ አድርጎ ኪሱ ከተተው።

«አመሰግናለሁ» አለች ኢንዱማቲ። «እባክዎ ሩቅ አይሂዱ። ሁላችሁንም በአምስት ሰዓት ተኩል እፈልጋለሁ።»

እሱ እንደወጣ ብሪጅፓልን ጠራችው። «ያንን መምቻ ማንም እንዳይነካው። ብትነካው እጅህን ነው የምቆርጠው።»

ሹፌሩ ሙስተቂም የሚኖረው ከአሮጌው ቄራ ጀርባ ነው። ፊቱ ላይ የጥፊው እብጠት አለ።

«ማዳም፣ እኔ በሕይወቴ ሲጋራ አፌ ገብቶ አያውቅም። ሳንባዬ ታማሚ ነው፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ደግሞስ በሰባት ሰዓት ወደ መስጊድ ስሄድ ቁልፉን ሰጥቻቸው ነው። በራሳቸው ነድተው ሄዱ። ወደ ምግብ ቤቱ በር ስመለስ መኪናው ፀሐይ ላይ ተዘግቶ ቆሟል። ሲጨስ ያየሁትም እኔው ነኝ፣ መስኮት ሰብሬ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ!»

«የተቃጠለው ወንበሩ ብቻ ነው?»

«ወንበሩ ላይ የነበረው ቦርሳም። ‹ቆሻሻ ውስጥ ጣለው› አሉኝ። እኔ ግን ዘለበቱ ናስ ስለሆነ አሳዘነኝና አስቀመጥኩት።»

ከአልጋው ሥር ጎትቶ አወጣላት። ኢንዱማቲ የከሰለውን ቆዳ ስትከፍተው የተልባ ዘይት ሽታ ቤቱን ሞላው።

*

በአምስት ሰዓት ተኩል ሁሉም በመምረጫዋ ክፍል ተሰበሰቡ። ናውሻድ በካቴና፣ ሱናይና በር ሥር፣ ላሊት ከስልኩ ጋር፣ ቻውድሪ ራቲ ብቸኛው ደህና ወንበር ላይ። አዛዡም ጋዜጠኞቹን ግቢ ውስጥ አስቁሞ ገባ።

«በአጭሩ ይሁን፣ ኢንዱማቲ።»

«በአጭሩ ነው፣ ጌታዬ። ኡስታድ የተገደሉት በመምቻ ነው። ገዳዩ ደሙን ጠርጎ መምቻውን በዘይት አጠበው። እስከ መጋጠሚያው ቀባው፤ ከዚያ በጫፉ አቆመው። በዚህ ቤት ይህን የሚያደርግ የለም። ናውሻድ ሊሰቀል ሲወሰድ እንኳ ያስጨነቀው እሱ ነበር።»

«ማስመሰል ይችላል» አለ ላሊት።

«አንተን ጨምሮ ማንም ይችላል። ስለዚህ ሳታውቁት ፈተንኳችሁ። ዘይት የጠጣ መምቻ ሰጠኋችሁ። ሱናይና አስተኛችው። አንተም ላሊት፣ ስልክህ ላይ አፍጥጠህ ሳለ አስተኛኸው። አባትህን ብትንቅም እጅህ የእሳቸው ልጅ ነው። አንድ ሰው ብቻ አቆመው። ይኸው፣ እንደቆመ ነው።»

ሁሉም ወደ ጥጉ አዩ። ራቲ ሳቀ።

«እህት ዓለም፣ መምቻ ስላቆምኩ ነው የምትሰቅዪኝ?»

«መምቻ በማቆም ማንም አይሰቀልም፤ ባሌም ያቆመው ነበር። ባሌ ግን አሥራ አንድ ዓመት ለክፍለ ግዛቱ መታሁ ብሎ አደባባይ ላይ አልተሰቀለም። የመታ ሰው መምቻውን በየወሩ ራሱ ዘይት ይቀባል፤ ከሕፃንነቱ ይለምደዋል። እርስዎ፣ ቻውድሪ ሳሃብ፣ አንድም ቀን መምቻ ኖሮዎት አያውቅም። ከምርጫው በፊት ይህን ምስጢር ያወቀ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ወረቀት ላይ እጅዎን ዘርግተው የሳሉት ሰው።»

ራቲ ቀይ ሆነ። «እኔ ትናንት እዚህ አልመጣሁም!»

«መዝገቡ ውስጥ ከሱናይና በኋላ የተቀደደ ገጽ አለ። ከእሷ በኋላ የመጣ ሰው ነበረ። ከስድስቱ ጨርቆችም አንዱ የለም፤ ደም ስላለበት ገዳዩ ወስዶታል። ናውሻድ ወንድሜ፣ ዘይት የነካ ጨርቅ ለምን ውሃ ውስጥ ይገባል?»

ናውሻድ ጉሮሮውን ጠረገ። «በራሱ ስለሚነድ ነዋ! የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ከተጠቀለለ ውስጡ ይግላል። ክብሪት አይፈልግም። ሙቀት ያለበት ቦታ፣ የታፈነ ነገር ውስጥ ከገባማ ሁለት ሰዓት አይቆይም። የኡስታድ አባት ሱቅ እንደዚያ ነው የነደደው።»

«በግንቦት ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥስ?»

ሁሉም ራቲን ያዩ ነበር። ራቲ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ሲገባው እጁ ሳያስበው ወደ ኪሱ፣ አጣጥፎ ወደከተተው መሐረብ ሄደ። ክው አለ።

«ጨርቁን ቦርሳው ውስጥ ጠቅልለው ከተቱት» አለች ኢንዱማቲ። «ከምሳ በኋላ ቦይ ውስጥ ሊጥሉት አስበው ይሆናል። ጨርቁ ግን አልጠበቀዎትም። ድፍን ከተማው ለአዛዣችን ገዳይ ሲፈልግ፣ እርስዎ ሹፌርዎን በጥፊ እየመቱ ማስረጃውን በእጁ አስረከቡት። ከዚያም በታክሲ መጥተው ለእኔ ነገሩኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስመረምር እንዲህ ያለ ችሮታ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

ጠረጴዛው ላይ የከሰለውን ቦርሳ አኖረች። ከጎን ኪሱ ጠርዙ የነደደ ወረቀት በመቆንጠጫ አወጣች። የሁለት ወፍራም እጆች ሥዕል ነው። አንድም የመስቀል ምልክት የለበትም። ከሥሩ በኡርዱ ፊደል ሦስት መስመር ተጽፏል።

አዛዡ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ይሄ... ቻውድሪ ሳሃብ፣ አንድ ማብራሪያ ይኖርዎታል መቼም...»

«ሳቀብኝ!» ብሎ ራቲ ከወንበሩ ተነሳ። ድምፁ ቀጥኗል። «እጄን እያገላበጠ አየና ሳቀ። ‹ይህ እጅ መምቻ ይዞ አያውቅም› አለኝ። ከዚያ ጻፈ! የማላነበውን ነገር ጻፈብኝ! ነገ ምርጫ እያለ! ከተማውን ሁሉ ሊያስቅብኝ ነበር! እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቅም?»

«እሳቸውስ ያወቁት ይመስለኛል» አለች ኢንዱማቲ። «ናውሻድ፣ ና አንብብ። ጮክ ብለህ።»

ናውሻድ በታሰሩ እጆቹ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። የኡስታዱን ጽሑፍ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያነብ ኖሯል፤ አሁን ግን ፊደሉ የጠፋበት ይመስል ቆየ።

«‹ጀማሪ› ይላል» አለ በመጨረሻ። «‹ቀላል መምቻ፣ አጭር እጀታ። ገና አልረፈደበትም፤ ዓርብ ዓርብ ይምጣና አስተምረዋለሁ።›»

«ቀጥል።»

«‹ለማንም አይነገር።›»

ራቲ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ሱናይና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስታለቅስ፣ ላሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን ኪሱ ከተተና የአባቱን ወንበር አየ።

«ማንበብ ለሚችል ሰው ቢሰጡት ኖሮ» አለች ኢንዱማቲ ለራቲ፣ ቀስ ብላ፣ «ዛሬ ጠዋት እዚህ ቆመው መምቻ አያያዝ ይማሩ ነበር። ብሪጅፓል! ገዳይ ያዝኩ ብለህ አልነበር? እንግዲህ ያዝ።»

ብሪጅፓል የናውሻድን ካቴና ፈትቶ ራቲ እጅ ላይ አጠለቀው። የእጁ አንጓ ወፍራም ስለሆነ ሁለቴ ሞከረ። አዛዡ ግቢ ወዳሉት ጋዜጠኞች ቀድሞ ወጣ፤ ገዳዩን ገና ከጅምሩ እንደጠረጠረው ሲናገር ድምፁ እስከ ውስጥ ይሰማል። ኢንዱማቲ ይህን መስማት ስላልፈለገች መስኮቱን ዘጋችው።

ናውሻድ ካቴናው የበላውን አንጓውን እያሻሸ ክፍሉ መካከል ቆመ። ማንንም አላመሰገነም፤ የሰማም አይመስልም። በሰዎቹ መሐል አልፎ ጥጉ ድረስ ሄደና ራቲ ያቆመውን መምቻ አንስቶ በችንካሮቹ ላይ አስተኛው። ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አላበጠም» አለ። ከዚያ ወደ ሱናይና ዞረ። «ያንቺን አምጪው ልጄ። ረቡዕ ቅርብ ነው፤ እጀታው ገና አልተጠቀለለም።»